ዋስትናው የማን ነው?

በአሜሪካ የገጠር ቤት ብድር ጉዳይ ዴሞክራቱም ሪፐብሊካኑም፣ አበዳሪውም ደላላውም የሚስማሙበት አንድ አስተሳሰብ አለ። መንግሥት ከካዝናው አውጥቶ ከሚያበድር ባንክ ያበድር፣ መንግሥት ደግሞ ዋስ ይሁን የሚል ነው። እንዲህ ከሆነ በጀት አይነካም፣ ብዙ ሰው ይዳረሳል፣ የግሉ ዘርፍም የሚያውቀውን ሥራ ይሠራል ይባላል። ማስረጃ ሆኖ የሚቀርበው ካርታው ነው፦ ከአገሪቱ የቆዳ ስፋት 97 በመቶ ገደማ ለዚህ ብድር ብቁ ተብሎ ተቀብቷል። በእኛም ማኅበረሰብ ውስጥ ቡና ላይ ይኸው ነገር ይወራል፦ «ከከተማ ወጣ በል እንጂ ያለ ዳውን ፔይመንት ቤት ይሰጡሃል።»

እኔ ይህን አስተሳሰብ አልቀበልም። ዋስትናው መጥፎ ነው ብዬ አይደለም፤ የሚጠቅማቸው ቤተሰቦች አሉ፣ ይቀጥል። የምቃወመው ዋስትናው የቀጥታ ብድርን ቦታ እንዲወስድ መደረጉን፣ ወረቀት ላይ ብቁ የተባለው ሰው ቁጥርም ቤት ያገኘ ሰው ቁጥር ተደርጎ መቆጠሩን ነው። ለገጠሩ ድሀ የተጻፈ ሕግ ቀስ በቀስ ከገጠሩ ድሀ እጅ ወጥቷል። ይህ የሆነውም ማንም ሳይሰርቀው፣ ሁሉም እያጨበጨበ ነው።

ነገሩ ከየት እንደመጣ እንይ። ፕሬዚዳንት ትሩማን እ.ኤ.አ. በ1949 የፈረሙት የቤቶች ሕግ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) በአምስተኛው ክፍሉ የገጠሩን ቤት ለግብርና መሥሪያ ቤቱ ሰጠ። አንቀጽ 502 የሚባለው ብድር የሚነሳው ከዚያ ነው። መጀመሪያ ለገበሬ ብቻ ነበር፤ በ1961 ገበሬ ላልሆነው የገጠር ነዋሪም ተከፈተ። «የገጠር ብድር ለገበሬ ነው» የሚሉ ወገኖቻችን ከስድሳ ዓመት በላይ ዘግይተዋል። በ1968 የወለድ ድጎማ ተጨመረለት፤ ገቢው በጣም ዝቅ ላለ ቤተሰብ ወለዱ እስከ 1 በመቶ እንዲወርድ ተፈቀደ። በ1970ዎቹ አጋማሽ መንግሥት በዚህ መንገድ በዓመት ከ100 ሺህ በላይ ቤተሰቦችን ራሱ ያበድር ነበር። ባንክ በመካከል አልነበረም።

የዋስትናው መርሐ ግብር የመጣው በ1990ው የቤቶች ሕግ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ተበዳሪው ወደ ባንክ ወይም ወደ ሞርጌጅ ኩባንያ ይሄዳል፤ ቤቱ በተገመተበት ዋጋ መቶ በመቶ፣ ለ30 ዓመት፣ በማይለዋወጥ ወለድ ይበደራል። ሰውየው መክፈል ቢያቅተውና ቤቱ ተሸጦ ኪሳራ ቢመጣ፣ መንግሥት ከዋናው ብድር እስከ 90 በመቶ ድረስ ለአበዳሪው ይሸፍናል። የዚህን ዋስትና ዋጋ የሚከፍለው ግን ተበዳሪው ነው፤ ሲገባ ከብድሩ 1 በመቶ፣ ከዚያም በየዓመቱ ከቀሪው ዕዳ 0.35 በመቶ። እንግዲህ ድሀው ይከፍላል፣ ባንኩ ይጠበቃል። «በጀት አይነካም» የሚባለውም ለዚህ ነው፤ ወጪው ከመንግሥት ትከሻ ወርዶ በተበዳሪው ወርሐዊ ክፍያ ላይ ተጨምሯል።

ወደ አንድ ካውንቲ እንውረድ። በደቡብ ምዕራብ ሚኒሶታ ኖብልስ የሚባል ካውንቲ አለ። ዋና ከተማው ወርዚንግተን ወደ 14 ሺህ ሕዝብ የሚኖርባት ናት። ትልቁ እንጀራ የሚገኘው ከአሳማ ሥጋ ፋብሪካው ነው። ፋብሪካው ከላቲን አሜሪካ፣ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ፣ ከምሥራቅ አፍሪካም ሰው ስቧል፤ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን በከተማዋ አሉ። ወርዚንግተን ከትልልቆቹ ከተሞች ክልል ውጭ ስለሆነች በካርታው ላይ ብቁ ናት። ግሪን ካርድ ያለው ሰው እንደ ዜጋው ሁሉ ማመልከት ይችላል። በ2025 ለአብዛኞቹ ካውንቲዎች የተቀመጠው የዋስትናው ገቢ ጣሪያ እስከ አራት ሰው ላለበት ቤተሰብ 119,850 ዶላር ነበር። ይህን ያየ ሁሉ «ታዲያ ምን ጎደለ?» ቢል አይፈረድበትም።

የጎደለው ከዚህ በታች ይጀምራል። ሕጉ የቤተሰብን ገቢ ሲቆጥር ብድሩን የሚፈርመውን ሰው ብቻ አይቆጥርም፤ በቤቱ የሚኖረውን አዋቂ ሁሉ ይቆጥራል። የእኛ ቤት እንዴት እንደሆነ እናውቃለን። ባል ይሠራል፣ ሚስት ትሠራለች፣ ከሁለት ዓመት በፊት የመጣው የባል ወንድም አብሮ ይኖራል፣ እሱም ይሠራል። ሦስቱም በዓመት 42 ሺህ ዶላር ቢያገኙ ቤቱ 126 ሺህ ገባው፤ ከጣሪያው አለፈ። ለልጅ ማቆያ የሚከፈለው ይቀነስላቸዋል። በየወሩ ወደ ጎንደር ወይም ወደ ደሴ ለእናትና ለአባት የሚላከው ገንዘብ ግን አይቀነስም፤ በሕጉ ዓይን የለም።

ቀጥሎ ያለው ደግሞ ይብሳል። መክፈል ይችላል ወይ ተብሎ ሲሰላ የሚታየው የሚፈርመው ሰው ገቢ ብቻ ነው። ሚስት ክሬዲቷ ገና ስላልተገነባ ባል ብቻውን ፈረመ እንበል። 42 ሺህ ዶላር ገቢ በወር 3,500 ይሆናል፤ መደበኛው ደንብ ለቤት ከዚህ 29 በመቶውን ይፈቅዳል፣ 1,015 ዶላር። ለቤት ግብር፣ ለኢንሹራንስና ለዋስትናው ዓመታዊ ክፍያ 300 ብናወጣ ለብድሩ 715 ይቀራል። በ6.5 በመቶ ወለድ ይህ የሚሸከመው ወደ 113 ሺህ ዶላር ብድር ነው። አንድ ቤተሰብ፣ በአንድ ማመልከቻ፣ ለመብቃት ሀብታም ለመበደር ድሀ ሆነ። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ክፉ አልነበሩም፤ ያሰቡት ግን አባት፣ እናትና ልጆች ብቻ የሚኖሩበትን ቤት ነው። ወንድሙን አስጠግቶ የሚኖር ሰው በዚያ ስሌት ውስጥ ቦታ የለውም።

እሺ፣ ወንድሙ ሌላ ቤት ተከራየ፣ ሚስትም ከሥራ ወጥታ ልጅ ታሳድጋለች እንበል፤ ቤተሰቡ ያለ ጥርጥር ብቁ ሆነ። 113 ሺህ ዶላር ይዞ የሚገዛው ቤት የት አለ? በየገጠር ካውንቲው ያለው ርካሽ ቤት አሮጌ ነው። ጣሪያው ያፈሳል፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ የአያቶች ዘመን ነው፣ የውኃ ጉድጓዱና የፍሳሽ ጉድጓዱ ምርመራ አያልፉም። ብድሩ ደግሞ ቤቱ ንጹሕና ለኑሮ አስተማማኝ ካልሆነ አይፈቀድም። ይህ ራሱ ተገቢ ደንብ ነው፤ ማንም በሚያፈስ ጣሪያ ሥር እንዲገባ መፈቀድ የለበትም። ውጤቱ ግን አቅሙ የሚፈቅደውን ቤት ደንቡ አይፈቅድለትም፣ ደንቡ የሚፈቅደውን ቤት አቅሙ አይችለውም።

«አዲስ ይሠራ» ይባል ይሆናል። በአዲስ ቤት ላይ የሚገጥመውን ደግሞ ከገጠር ውጭ የሚኖር ሰው ብዙም አያውቀውም። እንጨቱ፣ ሲሚንቶው፣ የቧንቧ ሠራተኛው ከከተማ ባልተናነሰ፣ አንዳንዴም መንገዱ ስለሚርቅ ከከተማ በበለጠ ዋጋ ይመጣሉ። ቤቱ ሲያልቅ ገማቹ ይመጣና በአካባቢው በቅርብ የተሸጡ ቤቶችን ይፈልጋል። በቅርብ የተሸጠው አሮጌ ቤት ነው፤ ያውም በዓመት ጥቂት ብቻ። ስለዚህ 260 ሺህ ዶላር የፈጀው ቤት 210 ሺህ ተብሎ ይገመታል። ብድሩ ከግምቱ አያልፍም። ሃምሳ ሺህውን ማን ያምጣ? ግንበኛው ይህን ስለሚያውቅ ከመጀመሪያው አይሠራም። ዋስትናውን ከ90 ወደ 100 በመቶ ብታሳድጉት ይህ ክፍተት በአንድ ዶላር አይጠብም፤ ምክንያቱም ችግሩ የባንኩ ፍርሃት ሳይሆን የቤቱ ዋጋና የሰውየው ገቢ አለመገናኘት ነው።

በዚህ ላይ የትንሽ ብድር ጣጣ አለ። ለ100 ሺህ ዶላር ብድር የሚሠራው ወረቀት ለ400 ሺህ ከሚሠራው አያንስም፤ ከሥራው የሚገኘው ገቢ ግን ብዙውን ጊዜ ከብድሩ መጠን ጋር የሚሄድ ኮሚሽን ነው። ሎን ኦፊሰሩ ቀኑን በየትኛው ላይ እንደሚያጠፋ መገመት አያዳግትም። ዋስትና የኪሳራን ስጋት ያነሳል እንጂ አትራፊ ያልሆነን ሥራ አትራፊ አያደርግም። ለዚህ ነው የዋስትናው ገንዘብ ገቢው ወደ ጣሪያው ወደተጠጋ ቤተሰብና ወደ ትልልቅ ከተሞች ዳርቻ የሚያጋድለው። ከ1990 በፊት ገጠር ተብሎ የተመዘገበ ከተማ፣ ጠባዩ ገጠር ከሆነና ብድር ካጠረው፣ ሕዝቡ እስከ 35 ሺህ ቢደርስም በካርታው ላይ ይቆያል። ካርታው ሲሰፋ ገንዘቡ ወደሚቀልበት ቦታ ፈሰሰ፤ ራቅ ያለው ካውንቲ በስም ብቁ፣ በተግባር ባዶ ሆነ።

አሁን ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አስቀምጡ። በ2024 የበጀት ዓመት ኮንግረስ ለዋስትናው 25 ቢሊዮን ዶላር ፈቀደ፤ ለቀጥታ ብድሩ 880 ሚሊዮን። አንዱ ብድር 200 ሺህ ዶላር ቢሆን 880 ሚሊዮን 4,400 ቤት ነው። በአሜሪካ ከ3,100 በላይ ካውንቲዎች አሉ። ትልልቅ ከተሞች ያሉባቸውን አውጥተን ወደ 2,000 ለሚጠጉት የገጠር ካውንቲዎች ብቻ ብናካፍለው ለአንዱ በዓመት ከሁለት ቤት ብዙም አያልፍም። በ1970ዎቹ አጋማሽ ከመቶ ሺህ በላይ የነበረው ወደዚህ ወርዷል። ያችንም የቀረችውን ጨርሶ ለማጥፋት የትራምፕ አስተዳደር ለ2018 ባቀረበው በጀት ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ ምክንያቱም «የግሉ ዘርፍ ይሠራዋል» የሚለው ያው አስተሳሰብ ነው።

የቀጥታው ብድር ምን እንደሚያደርግ ለማየት አንድ ስሌት ይበቃል። 150 ሺህ ዶላር በ6.5 በመቶ ለ30 ዓመት ሲበደሩት በወር 948 ዶላር ይከፈልበታል። ያው ገንዘብ ከፍተኛው ድጎማ ለሚገባው ቤተሰብ በ1 በመቶ፣ ለ33 ዓመት ሲሆን 445 ዶላር ነው። በዚህ ልዩነት ነው በሥጋ ፋብሪካ የሚሠራ አባት ቤት የሚገዛው ወይም የማይገዛው። ለዚህ ሰው የወለዱ ድጎማ ቤቱ ራሱ ነው፤ ዋስትና የሚባለው ነገር አጠገቡም አይደርስም።

የተቃዋሚዎቼን ክርክር አላሳንሰውም። የመጀመሪያው ወጪ ነው፤ ቀጥታ ብድር የሕዝብ ገንዘብ ይበላል ይላሉ። ብድር ግን ይመለሳል። በፌዴራሉ የሒሳብ ደንብ መሠረት በወጪነት የሚመዘገበው ድጎማውና የሚጠበቀው ኪሳራ ብቻ እንጂ የብድሩ ሙሉ መጠን አይደለም። ቤቱ ሲሸጥም ተበዳሪው ከተጠቀመበት ድጎማ የተወሰነውን ለመንግሥት ይመልሳል። ከዚህ ጋር አንድ ነገር አወዳድሩ፦ ይኸው መንግሥት ለሞርጌጅ ወለድ በሚሰጠው የግብር ቅናሽ በየዓመቱ በአሥር ቢሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ይተዋል፤ የሚጠቀመውም በአብዛኛው ትልቅ ቤትና ትልቅ ገቢ ያለው ነው። ለቤት ባለቤት የሕዝብ ገንዘብ ማውጣት ስህተት ከሆነ ከዚያ ይጀመር።

ሁለተኛው የበለጠ ከባድ ነው፤ የሚሉትም እውነት አለው። የግብርና መሥሪያ ቤቱ ራሱ አበዳሪ በነበረበት ዘመን የጥቁር ገበሬዎችን የእርሻ ብድር እያጓተተና እየከለከለ መሬታቸውን አስጥሏቸዋል። ፒግፎርድ በሚባለው ክስ በ1999 ስምምነት ተደርሶ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ካሳ ተከፍሏል፤ በ2010 ደግሞ 1.25 ቢሊዮን ዶላር ያለው ሁለተኛ ስምምነት ተከተለ። እኔም ጥቁር ስደተኛ ነኝና ይህን ታሪክ አቅልዬ አላልፈውም። ነገር ግን ከዚህ የሚወጣው ትምህርት «ስለዚህ ለባንክ እንስጠው» ነው ወይ? ባንኮች በቀይ መስመር እየከለሉ የጥቁሩን ሰፈር ብድር ሲነፍጉ የኖሩ ናቸው። ልዩነቱ ተጠያቂነቱ ላይ ነው። የመንግሥት ቢሮ የቀጥታ ብድር ሲከለክል ምክንያቱን በጽሑፍ ይሰጣል፤ አመልካቹም ለመሥሪያ ቤቱ ብሔራዊ የይግባኝ ክፍል ያመለክታል። ባንኩ በራሱ ውሳኔ ሲከለክል እዚያ መሄድ አይቻልም፤ ውሳኔው የመንግሥት አይደለምና። የፒግፎርድ ከሳሾች መንግሥትን ለፍርድ ያቀረቡት አበዳሪው መንግሥት ስለነበረ ነው።

ሦስተኛው ድሀ አይከፍልም የሚለው ነው። የገጠር ድሀ ክፍያ የሚያቋርጠው ብዙውን ጊዜ ሥራው ሲቋረጥ ነው። ወርዚንግተን ይህን በ2020 ሚያዝያ አይታዋለች፤ በኮቪድ ምክንያት ፋብሪካው ሲዘጋ ከተማው በሙሉ ትንፋሹን ያዘ። በአንድ ቀጣሪ በሚተዳደር ካውንቲ እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ፣ የቀጥታው ብድር ሕግ ሥራ ያጣ ሰው ክፍያውን እስከ ሁለት ዓመት እንዲያዘገይ ይፈቅዳል፤ ገቢው ሲቀንስም ድጎማው እንደገና ይሰላል። ብድሩ ለገጠር ኑሮ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ የገጠርን ድንገተኛ ጉዳት ቀድሞ አስቦታል።

ስለ አንድ ነገር ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ልቤ ያለው እዚያ ነው። ከቀጥታው ብድር ጋር የተያያዘ ራስ አገዝ የቤት ግንባታ የሚባል መርሐ ግብር አለ። ከ1960ዎቹ ጀምሮ በካሊፎርኒያው የሳን ዋኪን ሸለቆ የእርሻ ሠራተኞች መካከል ያደገ ነው። ጥቂት ቤተሰቦች አንድ ቡድን ይሆናሉ፤ ከሥራ በኋላና ቅዳሜና እሑድ እየተሰበሰቡ፣ አንድ የግንባታ ተቆጣጣሪ እያሳያቸው፣ የሁሉንም ቤት አብረው ይሠራሉ። ከጉልበቱ ቢያንስ 65 በመቶውን እነሱ ያወጣሉ። የሁሉም ቤት ሳያልቅ ማንም ወደ ቤቱ አይገባም። በዚህ መንገድ በመላ አገሪቱ ከ50 ሺህ በላይ ቤቶች ተሠርተዋል። ይህ እኛ ደቦ የምንለው ነው፤ ዛሬ የአንተን አጨዳ፣ ነገ የእኔን። የግምቱን ክፍተት የሚሞላ አንድ መሣሪያ ቢኖር ይህ ነው፤ ግንበኛው የማይሠራውን ቤት ጉልበት ራሱ ይሠራዋልና፣ ቤተሰቡም ገና ሳይገባበት በቤቱ ላይ የራሱ ሀብት አለው። ገንዘቡን የሚያቀርበው ግን የአንቀጽ 502 ቀጥታ ብድር ነው። ቀጥታው ብድር ሲደርቅ ቡድኑ ተሰብስቦ፣ መሬቱ ተገኝቶ፣ ተቆጣጣሪው ተቀጥሮ ብድር ይጠበቃል። የሞርጌጅ ኩባንያ አሥር ቤተሰብ በቅዳሜ ጉልበቱ ለሚሠራው ቤት ዓመት ሙሉ አይጠብቅም። ዋስትናው እዚህ ምንም አይሠራም፤ እኔ እስከማየው ድረስ የዋስትናው ደጋፊዎች ለዚህ መልስ የላቸውም።

የእኛም ሰዎች ከዚህ ክርክር ውጭ አይደሉም። ከቨርጂኒያና ከሜሪላንድ ኪራይ ሸሽተው ወደ ሚኒሶታና ወደ ሳውዝ ዳኮታ ትንንሽ ከተሞች የሄዱ አሉ። የሚነገራቸው «ብቁ ናችሁ» የሚል ነው። ስድስት ወር ቤት ፈልገው ሲያጡ ጥፋቱን በራሳቸው ላይ ያደርጋሉ፤ ክሬዲቴ ነው፣ እንግሊዝኛዬ ነው፣ ዕድሌ ነው ይላሉ። አይደለም። ብቁነት የሚባለው ነገር ከላይ ሰፍቶ ከታች እንዲጠብ ተደርጎ ስለተሠራ ነው። በተለይ የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ኮሚቴዎች፣ የዕድርና የማኅበር ሰብሳቢዎች ይህን ለሰዎቻቸው ቢነግሩ መልካም ነው። ከባንክ በፊት ወደ ግብርና መሥሪያ ቤቱ የገጠር ልማት ቢሮ ሄደው ስለ ቀጥታው ብድር እንዲጠይቁ፣ ገንዘብ አልቋል ቢባሉም ማመልከቻቸውን በጽሑፍ እንዲያስገቡ ይምከሩ። በቃል ብቻ ጠይቆ የተመለሰ ሰው ይግባኝ የሚልበት ወረቀት አይኖረውም፤ ፍላጎቱም በማንም ሪፖርት ውስጥ አይገባም።

ኮንግረስ ላይ የሚጠየቀው ደግሞ ግልጽ ነው። የቀጥታ ብድሩ መጠን በዓመት ቢያንስ በአምስት እጥፍ ይደግ፤ ያም ቢሆን በ2024ቱ ቁጥር ሲሰላ ከዋስትናው አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም። በብቁነት ስሌቱ ላይ አብሮ የሚኖር፣ ነገር ግን ብድሩን የማይፈርም ዘመድ ገቢ በሙሉ መቆጠሩ ይቅር። ከግምት በላይ ለሚፈጀው የግንባታ ወጪ በገጠር ካውንቲዎች የሚውል እርዳታ ይመደብ። ቢሮው በየዓመቱ ሪፖርት ሲያወጣም ስንት ካሬ ማይል ብቁ እንደሆነ መንገሩን ትቶ፣ በእያንዳንዱ ካውንቲ ስንት ዝቅተኛ ገቢ ያለው ቤተሰብ አመለከተ፣ ስንቱ ተከለከለ፣ ስንቱ ቁልፍ ተቀበለ የሚለውን ያውጣ። ኖብልስ ካውንቲን የሚወክለው ሰው በሚቀጥለው የምርጫ ዘመቻ ወርዚንግተን ሲመጣ ስለ ካርታው ከመናገሩ በፊት ይህን ቁጥር ይጠየቅ።